በሕይወት ላለ ሰው መርዶ

ሰውየው የደወለልኝ ዳውንታውን አትላንታ፣ የምሠራበት ፓርኪንግ ገንዘብ መቀበያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። በቫይበር፣ ጥርት ባለ የአዲስ አበባ አማርኛ። የአጎቴ ጎረቤት ነኝ አለ። እያለቀሰ፣ «እናትሽ ‹ወንድም ጋሼ› የሚሏቸው አረፉ» አለኝ። ቀጠለና፣ «እናትሽን ግን አደራ፣ በስልክ እንዳትነግሯቸው። ደም ግፊት አለባቸው። ሽማግሌ ሰብስባችሁ በማለዳ አርዷቸው» አለ።

ያሳመነኝ እኮ ይሄ ነው! ለእናቴ እንዲህ የሚጨነቅን ሰው ሌባ ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል? «ትልቁ ልጃቸው ከክፍለ ሀገር እየመጣ ነው፣ ገና አልተረዳም። እሱ እስኪገባ እዚያ ቤት አትደውሉ» ብሎ ጨመረ። ያልተረዳ ሰው ያለበት ቤት ደውሎ «እውነት ሞተ ወይ?» የሚል ጨዋ የት አለ? አልደወልንም። እኔና እህቴ ለቀብሩና ለድንኳኑ የቻልነውን ያህል በሰውየው ስም ላክን። የእጁን ይስጠው!

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ሽማግሌዎቹ ስቶን ማውንቴን ያለው ቤታችን ገቡ። እናቴ ከመኝታ ቤቷ ወጥታ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ስታያቸው፣ «ማን ነው? ንገሩኝ፣ ማን ነው?» አለች። አንደኛው «ወንድምሽ...» ከማለታቸው ደረቷን ደቃች፣ አንዴ ጮኸች፣ ከዚያ አንደበቷ ተሳሰረ። ስትሮክ ነው አሉን ሆስፒታል። ግማሽ ፊቷ ወደ ታች ወርዷል።

እኔ እሷ ዘንድ ሳድር ቤቱን ለቀስተኛ ሞላው። እህቴ እንደነገረችኝ፣ ሰዉ ተቀምጦ ሳለ የእናቴ ስልክ ጮኸ። አጎቴ ነው፣ ራሱ! «ምነው ጠፋችሁ? እህቴ ደህና ናት?» ይላል። እህቴ ስልኩን ወረወረችው። ካሉት ሴቶች አንዷ እልል ስትል፣ ሌላዋ «ኧረ ተይ፣ እናትየዋ ተኝታ!» ብላ አፏን ያዘቻት። እኔ ወደዚያ ሌባ ብደውል ብሎክ አድርጎኛል። ከየት አገኘን ብለን ስንብሰለሰል፣ ለካ እህቴ ፌስቡክ ላይ የሁለቱን ፎቶ ለጥፋ፣ «ወንድም ጋሼና እማዬ፤ ለእማዬ ደም ግፊት ጸልዩላት» ብላ ጽፋበታለች፤ እኔንም ታግ አድርጋኛለች፣ ስልክ ቁጥሬ ደግሞ ገጼ ላይ አለ። አገር ምድሩ እንዲያነበው! ስንቱ እንደጸለየ እንጃ፣ አንዱ ግን በደንብ አንብቦታል። እህቴ እስክትታመም አለቀሰች፣ እኔም ልቆጣት አቅም አጣሁ።

ሐኪሙ ከፈቀደልን በኋላ እናቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ «እማዬ፣ ወንድም ጋሼ አለ እኮ! ሌቦች ናቸው ብር ለመብላት የዋሹን» አልኳት። እንባዋ በደህናው ጉንጯ ወረደ። ለማጽናኛ የምዋሻት መስሏታል። አጎቴ ዘንድ ደውዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁት። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እሱም እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀ፣ «እኔ ነኝ፣ አለሁ፣ አለሁልሽ» ይላታል። እናቴ እስኪጨርስ አዳመጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣ በተጣመመ አፏ እየተንተባተበች፣

«ይሄኛውስ ስንት ላኩ ይላል?» አለችኝ።