የመንግሥት ሽንት ቤት

ከቡታጅራ ወጣ ባለች ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። የዚያን ቀን ጠዋት ከወረዳ የመጡት አረጋጋጮች ነጩን ባንዲራ በፌስታል ይዘው ነበር። ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ሰው እንደሌለ ካመኑ ይሰቀላል፣ ካላመኑ ይዘውት ይመለሳሉ። እኔን ግን ከባንዲራው ይልቅ ያስጨነቀኝ የመጨረሻው ቤት ነው። የቤቱ እመቤት ባለፈው ክረምት ጎህ ሳይቀድ ሊጸዳዱ እንሰቱ ውስጥ ገብተው፣ ጭቃው አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ተጎድቷል። ይኸው ሌላ ክረምት ደግሞ መጣ።

ባላቸው በኩራት ተቀበሉን። የሽንት ቤቱ በር በጓጉንቸር ተቆልፏል። ሲከፍቱት ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ዝንብ የለ፣ ሽታ የለ። የቡድኑ መሪ ፈገግ አለ። እኔ መሬት መሬቱን ሳይ ክው አልኩ፤ ከቤቱ ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስድ የተረገጠ መንገድ የለም፣ ሣር ብቻ ነው።

«አባባ፣ ማነው የሚጠቀምበት?»

«ወላሂ ማንም አልነካውም! የመንግሥት አይደል? ለናንተ ብለን ነው ያቆየነው።»

ይህችን ቃል ስንቴ ሰማኋት! ቆፍሩ የሚለው መንግሥት፣ መጥቶ የሚቆጥረው መንግሥት፣ ታዲያ የሚቀመጥበትስ ሌላ ማን ሊመስላቸው ኖሯል? ንዴቴ በሳቸው አልነበረም። ጉድጓድ ቆጥሮ ሪፖርት በሚልከው ቢሮ ነበር።

መሪው ጠጋ ብሎ «ሽንት ቤቱ አለ፣ ንጹሕ ነው። እንስቀልና እንሂድ ሲስተር፣ አታካብጂ» አለኝ።

«ከተሰቀለ በኋላማ ተመልሶ የሚጠይቃቸው የለም!» ድምፄ ሳላስበው ጮኸ።

ሽማግሌው ደነገጡ። «ምን አጠፋን ልጄ?»

«ዳሌው የተጎዳው የማን ነው አባባ? የመንግሥት ነው?»

ቁልፉን በእጃቸው አገላበጡ። ሰው በገዛ ደጁ፣ በእንግዳ ፊት እንዲህ አይባልም፤ ፈራሁ። ይሄኔ ሚስታቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ከጓዳ ወጡ። ሁሉንም ሰምተዋል። ቁልፉን ከባላቸው እጅ ወሰዱ፣ ሣሩን ረግጠው ገቡ፣ በሩንም ዘጉ። አረጋጋጮቹ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ደጅ ቆምኩ።

ሲወጡ አስታጠብኳቸው። መሪው ባንዲራውን ሳይሰቅል ከነፌስታሉ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠ። እሳቸው ቁልፉን በሻርፓቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«እንግዲህ መንግሥት ሲመጣ፣ እኔን ያስፈቅድ።»