መምህሩ ማነው?

የፖሊስ ጣቢያው ምርመራ ክፍል ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን መብራት ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ረጅም አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። ተይዤም እንኳ "ስታርተሩ ነው፣ አምፖሉን የሚያስነሳው" አልኩ በሆዴ። አይ የሙያ ነገር!

ሳዑዲ፣ ደማም የሄድኩት በአንድ የቴክኒክ ማሠልጠኛ ኤሌክትሪክ ላስተምር ነበር። የያዙን አርብ ጠዋት አል ፈይሰሊያ ሰፈር፣ አንድ ወንድም ቤት ተሰብስበን ስንጸልይ ነው። ሴቶቹን ለይተው ወሰዱ፤ እኛን አራት ወንዶች እዚህ አስገቡን። የእግዚአብሔርን ቃል የሚያስተምረን አጠገቤ የተቀመጠው ሾፌር ነው። ካፊሉ፣ አሠሪው ማለት ነው፣ "ጠፍቶብኛል" ብሎ ሁሩብ፣ የኮበለለ ሠራተኛ፣ አስብሎ አስመዝግቦታል። በዚያ ላይ ሰባኪነቱ ከታወቀ የሚጠብቀው ወደ አገር መባረር ብቻ አይደለም፤ እስርም ነው።

መኮንኑ አስተርጓሚ ይዞ ገባ። አስተርጓሚው ሐበሻ ናቸው፤ እዚያው ወልደው ያሳደጉ፣ አማርኛቸው ወሎ ወሎ የሚል ሽማግሌ። አብራን ከተያዘች አንዲት እህት ስልክ የተገኘውን መልእክት አነበቡልን፦ "አርብ መምህሩ ይመጣል።"

"መምህሩ ማነው? ይላችኋል።"

ሾፌሩ ሊናገር ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት።

"እኔ ነኝ" አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

ሽማግሌው አተኩረው አዩኝ። "የምን መምህር ነህ፣ ልጄ?"

"የኤሌክትሪክ።"

ዓይናቸው ወደ ሾፌሩ ሄዶ ተመለሰ። ገብቷቸዋል። ለመኮንኑ በዓረብኛ የነገሩት ግን የእኔኑ ቃል ብቻ ነው፤ የኤሌክትሪክ መምህር ነው አሉት። መኮንኑ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አገላብጦ ሥራዬን አነበበ። አላመነም። በጣቱ ወደ ጣሪያው አመለከተ።

"እሱስ ምን ሆኖ ነው? ይልሃል።"

"ስታርተሩ ተበላሽቷል። አዲስ ያምጡልኝ።"

አመጡ። ወንበር ላይ ወጥቼ ቀየርኩት። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ተወ። መኮንኑ ትንሽ ቆሞ አየውና "ኸላስ"፣ በቃ ብሎ ወጣ። ሽማግሌው ተከትለውት ሲወጡ "አላህ ያውጣችሁ" አሉን ቀስ ብለው።

ሥራዬ በዚያው ቀረ። ሁላችንንም ኹሩጅ፣ የመውጫ ማህተም፣ መትተው ወደ አገራችን ሸኙን፤ ሾፌሩንም ጭምር።

ዛሬ እዚሁ ያንኑ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ "መምህር" ሲሉኝ አንዳንዴ አቤት ከማለቴ በፊት በሩን አያለሁ። ሾፌሩ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውላል።

"መምህር፣ እንዴት ነህ?" ይለኛል።

"መምህሩማ አንተ ነህ" እለዋለሁ። ያን ቀን መኮንኑ ፊት የዋጥኳትን ቃል ጮክ ብዬ ስላት ደስ ይለኛል።