ቢላ ያልነካው አንገት

ፊንታን ሄገርቲ በኪልብራካ ከተማ የመጨረሻው ቆዳ አልፊ ነበር። ግቢው ከወንዙ ዳር፣ ከእኔ የጫማ መስፊያ ጀርባ ነው። የባሉጥ ዛፍ ቅርፊት በተዘፈዘፈባቸው ጉድጓዶች ውስጥ አንዱን ቆዳ ዓመት ከመንፈቅ ያቆየዋል። ጠረኑ ከልብሱ አይለቅም። ቅዳሴ ሲገባ ሰው ይሸሸዋል፤ እሱ ግን "መቀመጫ አጥቼ አላውቅም" ይላል።

ቆዳ ይዞ የመጣውን ገበሬ ሁሉ ፊንታን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ "በቢላ ነው በእግዜር?" በእግዜር የሞተ ከብት ቆዳ ከደጁ አያልፍም።

ከጥቅምት ገበያ ማግስት የሚስቱ ወንድም ላርኪን የአንዲት ጥቁር ጊደር ቆዳ በጋሪ ይዞ መጣ።

"በቢላ ነው በእግዜር?"

"አማችህንም እንደ መንገደኛ ትጠይቃለህ? በቢላ ነው እንጂ።"

"አንተንማ አጥብቄ ነው መጠየቅ ያለብኝ። እህትህን 'ወጥ ትችላለች' ብለህ አይደል የዳርክልኝ?"

ሚስቱ ዴላ ሳትቀር ሳቀች። ቆዳውን ስንሰቅል አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንገቱ ላይ የእርድ ምልክት የለም። የውስጥ ወገኑም በጠቆረ ደም ተለብጧል። ባለሙያው ዝም ካለ እኔ ጫማ ሰፊው ምን አውቃለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

በአራተኛው ቀን በፊንታን ክንድ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣ። መሐሉ እንደ ከሰል ጠቆረ፣ ዙሪያው አበጠ። ዴላ በሞቀ ውሃ እያጠበችለት "ያምሃል?" አለችው።

"ምንም አያመኝም" አለ፤ ፊቱ ግን አመድ መሰለ። አባቱ በአባ ሰንጋ ሲሞት አይቷል። የዚያም ቁስል አያምም ነበር።

ዴላ ወደ ወንድሟ ሄደች። ስትመለስ ከበሩ አላለፈችም።

"ጊደሯን ጧት ሞታ ነው ያገኛት" አለች። "ቆዳዋ እንኳ አይቅርብኝ ብሎ ነው። ከትናንት ወዲያ ሁለት በጎችም ሞተውበታል።"

ፊንታን ወደ እኔ ዞረ።

"ሉክ፣ አንገቱን አይተህ ነበር?"

"አይቻለሁ።"

"እኔም አይቻለሁ። እሷ ቆማ ወንድሟን ውሸታም ማለት ከበደኝ። አንተስ ምን ከበደህ?"

ጋሪ ልጠምድ ወጣሁ።

ሐኪም ያለው ሃያ ማይል ርቆ ነው። ጋሪው ላይ ሲወጣ ዴላ ልትደግፈው እጇን ዘረጋች።

"አትንኪኝ" አላት በቀስታ። "ልብሴን አቃጥይው፤ ያንን ቆዳም ኖራ ጨምራችሁ ቅበሩት።"

ድልድዩን ስንሻገር እብጠቱ ትከሻው ደርሶ ነበር። ምን ያህል እንደቀረን ጠየቀኝ። ገና አሥራ ስምንት ማይል ይቀረን ነበር፤ "ደርሰናል" አልኩት።