ከቆርኪ የወጣ ስድብ

እኔ ውቢት ትክል ድንጋይ ከተማ ሻይ ስሸጥ ብዙ ጉድ አይቻለሁ። በአራት የእንግሊዝኛ ፊደል የሰው መንጋጋ ሲሰበር ያየሁት ግን በመምህር ቢያዝን ብቻ ነው። ያውም ከቤቴ በር ላይ!

ቢያዝን የድብ ባሕር ሰው ነው። እንግሊዝኛ ሊያስተምር እዚህ ሲመጣ ቁመቱን አይቼ ተማሪ መስሎኝ፣ "ደብተርህን የት ጣልከው?" ብየዋለሁ። ሰውየው አጭር፣ ቃሉ ረጅም። ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሲያገኝ ጾመኛ ሥጋ ሲያገኝ የሚሆነውን ይሆናል፤ ፊቱ ይበራል፣ ቃሉን ቀስ ብሎ ያላምጠዋል። ሚስት አግባ ብንለው፣ "መጀመሪያ ዜድና ኪው ያሉበት ረጅም ቃል ላግኝ" ይላል። አይ ቢያዝን!

ቆርኪ ሰብስቦ በያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በቀለም ጽፎ ጣሳ ውስጥ ከተተው። በገበያ ቀን ከደንበኞቼ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ አራት ቆርኪ ያወጣል። ቢያዝን ፊደሎቹን እንደ አወጣጣቸው ከሻይ ቤቴ በር ላይ በጠመኔ ይጽፋል። አራቱም የሚገኙበትን ረጅም ቃል ያመጣ ሻዩ በነጻ ነው።

በዚህ ጨዋታ የሚበረታው ፋንታሁን ነበር፣ የጎረቤቴ የአያ ዳኛው ልጅ። አያ ዳኛው ባለእጅ ነው፣ ብረት ቀጥቃጭ። ማረሻ የሚያሠራው ሁሉ ፊት ለፊት "አያ" ይለዋል፤ ዞር ሲል ደግሞ ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል እያለ ልጁን ከዓይኑ ይሸሽጋል። ሁለት ምላስ ሁላ! ከቤታቸው ገብቶ የሚበላ ቢያዝን ብቻ ነው። ጉዱ በደረሰበት ሳምንት ፋንታሁን ጽጌሬዳን ሊያገባ ሽማግሌ ቢልክ፣ አባቷ "ለቡዳ ልጅ አልድርም" ብሎ መለሳቸው። ልጁ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰም።

በገበያው ቀን አንድ ገበሬ ከጣሳው አራት ቆርኪ አወጣ። ቢ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኤ። ቢያዝን በትልቁ ጻፋቸው። እሱ የእንግሊዝኛ ፊደል ሲያይ የሚታየው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። የዘንድሮ ወጣት ግን በስልኩ አማርኛውንም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻጻፍ። ፋንታሁን መዶሻውን እንደያዘ ከአባቱ ቤት ወጥቶ በሩን አነበበው። ቡዳ ይላል።

"አንተም?" አለ።

ቢያዝን ዞር ብሎ እየሳቀ፣ "ና ፋንታሁን፣ ይችማ ላንተ ናት!" አለው። ወይኔ! ምነው ያን ቀን አፉን በያዘው!

መዶሻው አገጩ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ጥርሱ ተፈናጥሮ ከሰው ሻይ ውስጥ ገባ። ወድቆም አልተወውም፤ ጎኑን በርግጫ ሲለው የፈላውን ውሃ ከነማንቆርቆሪያው በፋንታሁን ጀርባ ላይ ገለበጥኩበት። ጮኸ። ያኔ ነው መዶሻውን የጣለው። ተቃጥሏል፣ አልጸጸትም። ገበያው ግን "ቡዳው ሰው በላ!" ብሎ በድንጋይ ተነሣ። ልጁ አምልጦ ከቤት ሲገባ፣ ሊገላግል የወጣው አያ ዳኛው ግንባሩን ተፈንክቶ በደም ታጠበ።

ቢያዝንን ጎንደር ወሰዱት፤ መንጋጋው በሽቦ ታሰረ። ታላቅ ወንድሙ ወንድምአገኝ ይህን ሲሰማ ከድብ ባሕር ክላሹን ይዞ፣ ዘመድ አስከትሎ መጣ። ዘመኑ ክፉ ነው፤ ሰው ፍርዱን ከትከሻው አውርዶ ነው የሚሰጥ።

"የወንድሜን አፍ የዘጋውን አፉን እዘጋዋለሁ!" ብሎ የአያ ዳኛውን በር በጥይት በሳው። ከውስጥ ሽማግሌው "ልጄን ተውልኝ፣ እኔን ግደለኝ" ሲል ይሰማል። መካከል ገብቼ "ፊደል ነው! ጨዋታ ነው!" ብል ማን ይስማኝ።

"ምነው ውቢት፣ ጨዋታ ነው የሰው አጥንት የሚሰብር?" ብሎ ገፈተረኝ፣ ወደቅሁ።

ይኸን ጊዜ አንድ ማኪና ቆመና ቢያዝን ወረደ። የወንድሙ መነሣት ወሬ ሆስፒታል ደርሶት ሐኪሞቹን ሳያስፈቅድ ነው የመጣው። ፊቱ አብጦ ድስት አክሏል። መናገር አይችልም። በወንድሙና በበሩ መካከል ገብቶ ከኪሱ ጠመኔ አወጣና፣ በጥይት በተበሳው በር ላይ በአማርኛ ጻፈ፦ "እኔም ቡዳ ነኝ።"

ወንድምአገኝ አንብቦ ደነገጠ። "ምን ነካህ? አንድ እናት አይደለችም የወለደችን? አንተ ቡዳ ከሆንክ እኔስ ምንድን ነኝ?"

ቢያዝን ጠመኔውን ወደ ወንድሙ ደረት ቀሰረው።

ወንድምአገኝ አፈሙዙን የገዛ ወንድሙ ደረት ላይ አስደገፈ። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ቢያዝን ንቅንቅ አላለም። ዓይኔን ስገልጥ ክላሹ ወርዷል፣ ወንድምአገኝ ምራቁን ከመሬት እንትፍ ብሎ እያለቀሰ ይሄዳል። እስከ ዛሬ አይጠያየቁም።

ሽቦው ሲወጣ መንጋጋው ተጣሞ ቀረ። ማስተማሩም በዚያው ቀረ። አራቱን ፊደሎች ከሻይ ቤቴ በር ላይ አላጠፋሁም፤ እልህ ይዞኝ ነው። ከኔ ጋር ተኳርፈን የከረምነው ፋንታሁን አንድ የገበያ ቀን መጥቶ፣ ማንንም ሳያይ ጠመኔ አነሣና ከሥራቸው አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ቢያዝን ፊቱ በራ።

"ምንድን ነው እሱ ደግሞ?" አልሁ።

"አንደርስታንደብል" አለ ፋንታሁን። "ሊረዱት የሚቻል ማለት ነው። አራቱም አሉበት።"

ቢያዝን እንደ ድሮው ሊያላምጠው አፉን ከፈተ። "አንደ..." አለ። ምራቁ በተጣመመው ከንፈሩ ወረደ፤ በእጅጌው ጠረገና እንደገና ሞከረ። "አንደ... አንደ..."

ፋንታሁን እግሩ ላይ ተደፋ። "ተወው ጋሼ፣ እኔ ልበልልህ" እያለ ያለቅስ ጀመር፣ "እኔ ልበልልህ።"