ለጠቃሚዋ አክስቴ የተሰበከው ስብከት

አክስቴ፣ እናቴ እኔን ስትወልድ ልታርሳት ከሊሙ ገነት ወደ ጅማ መጥታ እዚያው ቀረች። ጊንጆ ሰፈር በነበረው ቤታችን ስታበስልና ስታጥብ ኖረች፤ እኔንና ታናናሾቼንም አሳደገች። የምትተኛው ሰርቪስ ቤት፣ ከእህል ማዳበሪያው ጎን ነበር። በቸርቻችን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምረው አባቴ ለእንግዳ "እህታችን ናት" ይላል። እህታችን ግን ከእኛ ጋር ማዕድ ቀርባ አታውቅም።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ፣ አንድ ጠዋት ስንነሳ የለችም። ጅማ አቅራቢያ ባለችው ሰርቦ ከተማ ሻይ ቤት መክፈቷን ሰማን። አባቴ እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ ሐዋርያው ከጌታው የኮበለለውን ባሪያ መልሶ ሲልክ የጻፈውን መልእክት አነበበ።

"ግሪኩ ኤውክሬስቶስ ይላል" አለ። "ጠቃሚ፣ ለአገልግሎት የተመቸ ማለት ነው። ኮብልሎ ሳለ አክሬስቶስ፣ የማይረባ ነበር። ሲመለስ ጠቃሚ ሆነ!"

ምእመኑ አሜን አለ። ስለ ማን እንደሚናገር ሁሉም ያውቃል። ፊቴ በንዴት ነደደ።

በማግስቱ አባቴ፣ እኔን ስታይ ትራራለች ብሎ ሰርቦ ይዞኝ ሄደ። አክስቴ ሮጣ መጥታ አገላብጣ ሳመችኝ፤ ወንበር አቀረበችልን፤ ሻይ ቀዳችልን። አባቴ ሻዩን ሳይነካ ስብከቱን ከነግሪኩ ደገመላት።

እስኪጨርስ አዳመጠችው። "ጋሼ፣ ያ ሰውዬ ከተመለሰ በኋላ ምን ሆነ? ነፃ ወጣ?"

"መጽሐፉ እሱን አይነግረንም።"

"እንግዲያው እኔም አልመለስም።"

"ምን ጎደለብሽ? አልበላሽም? አልለበስሽም?" ብሎ ጮኸ።

"ያ የሊሙ ሰው ሊያገባኝ ሽማግሌ ሲልክ፣ 'ልጆቹ ገና ትንንሽ ናቸው' ብለው የመለሷቸው እርስዎ ነዎት። እኔን እንኳ አልጠየቁኝም።"

ይህን አላውቅም ነበር። አባቴን አየሁት። አልካደም፤ ተነስቶ ወጣ። ትንንሾቹ ልጆች እኛ ነበርን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ "አባባ፣ እዚያው መልእክት ላይ 'እንደ ተወደደ ወንድም እንጂ እንደ ባሪያ አይሁን' ይላል። ለምን ዘለልከው?" አልኩት።

"ዝም በይ! አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ?"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ከዚያ ቀን በኋላ እሱ የሚያስተምርበት ጉባኤ ገብቼ አላውቅም። ቤት ውስጥ ስሟ እንዳይነሳ ከለከለ። እኔ ግን በየወሩ ሰርቦ እሄድ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አባቴ ታሞ ሲተኛ አክስቴ ልትጠይቀው መጣች። ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ ሻይ አቀረበችላት። ከዚያ አብረን መኝታ ቤት ገባን። አባቴ እጇን ያዘና "ተመለሽ እንጂ፤ ቤቱ እኮ ሰው ይፈልጋል" አላት።

ያን ጊዜ እንኳ! በሩን በላዩ ላይ ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ።

እሷ "እግዚአብሔር ይማርዎት ጋሼ" ብላው፣ ሳይመሽ ወደ ሻይ ቤቷ ተመለሰች። ይቅር እንዳለችው ነግራኛለች። እኔ ግን ይቅር አላልኩትም።