እያደር የሚረዝም ካባ

ልብስ ሰፊው ፈሪ ነበር ወይስ ክፉ? ይህን እንኳን ሌላ ሰው፣ እሱ ራሱም መልሶት አያውቅም። ጎረቤቶቹ ሲያሾፉበት «የቤተ መንግሥት መርፌ» ይሉታል፤ እሱ ግን ስሙን እንደ ሹመት ቆጥሮ ደረቱን ነፍቶ ያልፋል።

ንጉሡ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ የሦስት ቀን ትኩሳት ሲገድለው፣ አልጋ ወራሹ ስምንት ዓመቱ ነበር። እናቱ ስትወልደው ሞታለች። የሟቹ ወንድም ሞግዚት ሆነና ለሕዝቡ አንድ ያማረ ቃል ሰጠ፦ «የአባቱ ካባ ልኩ የሆነ ቀን ሥልጣኑን አስረክበዋለሁ።» ሕዝቡ አለቀሰ። ያማረ ቃል ሲሰማ ማልቀስ ልማዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሙት ዓመቱ በመጣ ቁጥር ሹማምንቱ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ልጁ ካባውን ይለብሳል፤ ሰፊው ተንበርክኮ ምንጣፉ ላይ የሚጎተተውን ጨርቅ በጣቱ ይለካል። ከእሱ በቀር ካባውን መንካት ለማንም ክልክል ነው።

ልጁ አሥራ አራት ሲሞላው የሚጎተተው ሁለት ጣት ብቻ ሆነ። ሟቹ አጭር ሰው ነበረና። ካባውን ለክቶ የሰፋው ሰፊ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

በዚያ ሳምንት አጎትየው አስጠራውና፣ «ልጁ ገና ነው። ካባው ግን ያረጀ መሰለኝ፤ ታድሰዋለህ?» አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሰፊው ጠርዙን የሚዞረውን የወርቅ ጥብጣብ ፈታ፣ ከዚያው ጣቃ የተረፈ ጨርቅ ስንዝር ያህል ቀጠለ፣ ስፌቱን በጥብጣቡ መልሶ ሸፈነው። ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ተሰጠው። ልጁ ማደግ እስኪያቆም ድረስ በየዓመቱ ጨርቅ ይቀጥል ነበር።

የሟቹን ቁመት የሚያውቁት ሽማግሌዎችስ? «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይባል የለ፤ በዚያ ቤት ደግሞ የሞተ ንጉሥ ሁለመናው ይረዝማል። አንዴ «እንደ ምሰሶ የቆመ ጀግና» ብለው ያለቀሱለትን ሰው መልሶ ማሳጠር አሳፈራቸው።

ልጁም ጎበጠ። ወረቀት በቀረበለት ቁጥር «አባቴ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት አጎቱ ነው። የዚያ ዘውድ ነገር እንዲህ ነበር፤ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይጎብጣል፣ አንዱ ይበላል።

ሃያ አራት ሲሞላው ሰፊውን ለብቻው አስጠራው። መልእክቱ ከደረሰ ጀምሮ ሰፊው ሁለት ሌሊት ዓይኑ አልተከደነም።

«ነቅቶብኛል» አላት ለሚስቱ።

«እሰይ! እንግዲያው እውነቱን ተናገርና ልጁን አሳርፈው።»

«ቤቱስ?»

«ቤቱ ገደል ይግባ! አንተ ሰውዬ፣ ለድንጋይ ብለህ የሰው ልጅ ትቀብራለህ?»

ወጣቱ ንጉሥ በር ዘግቶ ነበር የጠበቀው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አለ።

«ጋሼ» አለው፣ «አጎቴ ሥልጣኑን ዕድሜ ልኩን እንዲይዝ የተጻፈ ነው። ያንን ካባ መቼም የማልሞላው ከሆነ እፈርምለታለሁ። አባቴን የለካሃቸው አንተ ነህ። እውነቱን ንገረኝ፤ ቁመታቸው ምን ያህል ነበር?»

ንጉሡ ፊቱ ቆሟል። ጎብጦ እንኳ ከአባቱ አራት ጣት ይበልጣል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«ግርማዊ ሆይ» አለ ሰፊው፣ «ከእርስዎ አንድ ክንድ ይበልጡ ነበር።» ከካባውም አስበልጦ ዋሸ።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ ንጉሡ። ሸክም እንደወረደለት ሰው ተንፍሶ ፈረመ።

ሰፊው ቤቱ ሲገባ ሚስቱ በር ላይ ያዘችው።

«ነገርከው?»

«ጠየቀኝ፣ መለስኩለት።»

ፊቱን አየችና ጀርባዋን ሰጠችው። እሱ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተዘረጋ። ሕሊና ያለው ሰው ቢሆን ይገላበጥ ነበር፤ እሱን ግን ፀሐይ በመስኮት ፊቱን እየመታችው፣ ልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰደው።