ጋሼ ታደሰ ዘር ያስቆጠሩ ዕለት

እሑድ ዕለት ነው። አንዲት አሮጊት ሳነሳ ሳስተኛ ውዬ፣ እግሬ አብጦ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ከተማ ያለው አፓርትመንታችን ስደርስ፣ ጎረቤቴ ጋሼ ታደሰ በር ላይ ያዙኝ። "ነይ ግቢ፣ ልጄን ሳራን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጥተዋል።" ደክሞኛል፤ ግን ወሬው እንዴት ይለፈኝ?

ጠያቂው የስኮትላንድ ልጅ ነው፤ አባቱን ይዞ መጥቷል። ጋሼ ታደሰ ኮራ ብለው፣ "በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም። ይቁጠሩ በያቸው" አሏት ሳራን። አስተርጓሚዋም ራሷ ሙሽራዋ ናት።

አባትየው ደስ ብሏቸው ወፍራም መጽሐፍ አወጡ። ለካ የመሳፍንት ዘር ናቸው! አንዱ ለንጉሥ ተዋግቶ ርስት ያገኛል፣ ልጁ በንጉሡ ላይ አምፆ አንገቱን ይቀላል፣ የልጅ ልጁ ርስቱን ያስመልሳል፣ ሌላው በቁማር ይበላዋል። አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሲጋደሉ እኔ ሁለቴ አንቀላፋሁ።

ሲጨርሱ፣ "አሁን ደግሞ የእናንተን" አሉ።

ጋሼ ታደሰ አባታቸውን ጠሩ፣ አያታቸውን ጠሩ፣ ከዚያ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። አባትየው ለሳራ ቀስ ብለው አንድ ነገር ነገሯት። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ምን አሉ? ንገሪን እንጂ!" አልኳት።

"ሰባት ላልሞላ ቤት ልጄን አልሰጥም አሉ።"

ጋሼ ታደሰ አንገታቸውን ደፉ። "እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን አልሰጥም።"